ለሕፃን ልጅ ስለሚሰጥ የኮምፒዩተር ጨዋታ አመራረጥ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ ባዶ እጁን አይሄድም። አባቶቻችን ስኳርና ሻማ፥ ለእናት ነጠላ፥ ለልጅ ደብተርና ከረሜላ ይዘው ይሄዱ ነበር። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ ቡሬንና ጥሊሊን አልፎ፥ በዲከረንስ ዛፍ መካከል ወደ እንጅባራ የሚወጣው ተሳፋሪ በቦርሳው ውስጥ አንድ ታብሌት ወይም ስልክ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ሆኗል። የሚይዘውም የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ «ጌም» እንዲጫወትበት ነው። ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ይኸው ስጦታ ነው፤ ይልቁንም ስለ ዕቃው ሳይሆን በዕቃው ውስጥ ስላለው ጨዋታ ነው። ዕቃውንማ ተጠንቅቀን እንገዛለን፤ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እንጠይቃለን፥ መስታወቱን በጥፍራችን እንነካካለን፥ በዋጋው እስኪመሽ እንከራከራለን። ጨዋታውን ግን የሚመርጥልን ሻጩ ነው።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር ዳንግላ ላለችው እኅቴ ልጅ፥ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር፥ አንድ ታብሌት ገዛሁ። ሻጩን «ለሕፃን ነው» ብለው «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብቻ ጠየቀኝ። ዕድሜውን አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርሁትም። ወንድ መሆኑን እንደ ሰማ ከፍላሹ ላይ ዐሥራ ሁለት ጨዋታ ገለበጠልኝና «ሞልቼልሃለሁ» አለኝ። መሙላቱን አይቼ አመሰገንሁት፤ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱን እንኳ ከፍቼ አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኅቴ ደወለች። «ጋሼ፥ ልጁ ሌሊት እየባነነ ‹መጡብኝ!› ይላል። ያመጣህለትን ነገር አንተ ራስህ ከፍተህ አይተኸው ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ልጁ ከዐሥራ ሁለቱ መርጦ የያዘው ሰው በጨለማ ውስጥ ሰውን እያደነ የሚተኩስበትን ጨዋታ ኖሯል። በዚያ ጨዋታ ብዙ የገደለ ብዙ ወርቅ ያገኛል። ከዚህም በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በአዊ አገር ልጅ ሁሉ እንጨት ጋልቦ ፈረሰኛ ይሆናል፤ በጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች አምረውና አጊጠው ሲወጡ አይቶ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊጫወት ይችላል? የእኅቴ ልጅ ግን እንጨቱን ጥሎ ቤት ገብቷል። የጎረቤት ልጆች በር ላይ ቆመው ይጠሩታል፤ አይወጣም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ልንገራችሁ።

ለሕፃን የምትሰጡትን ጨዋታ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱት። በቢሮ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ሳናነብ አንፈርምበትም፤ ይህም ከዚያ አያንስም። በውጭ አገር ለወላጆች የሚረዳ ምልክት አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ፥ በብዙ የአውሮፓ አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ጨዋታዎች ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማሙ በየማሸጊያቸው ላይ ይጻፋል፤ የአውሮፓው «ፔጊ» የሚባለው ምልክት 3፥ 7፥ 12፥ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮች አሉት። በስልካችን ላይ ካለው ፕሌይ ስቶር ጨዋታ ስናወርድም ይህን የመሰለ ቁጥር ከስሙ አጠገብ እናገኛለን። ከፍላሽ ወደ ታብሌት በተገለበጠ ጨዋታ ላይ ግን ማሸጊያም ቁጥርም የለም። ደግሞም ቁጥሩ የሚነግረን ጨዋታው የሚያስፈራ፥ የሚሳደብ ወይም ደም የሚያፈስ አለመሆኑን ነው እንጂ ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን አይደለም። 3 የሚል ቁጥር ያለበት፥ ነገር ግን ልጁ ጣቱን ከመጫን በቀር ምንም የማያስብበት ጨዋታ ስፍር ቁጥር የለውም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው ይረቅቃል። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች አስጠፍቼ ቀለምና ቁጥር ያስተምራል የተባለ አንድ ጨዋታ አስጫንሁለት። መልካም ነበር። ነገር ግን በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ጨዋታው አልከፈትም አለ፤ ለካስ በተከፈተ ቁጥር ከባሕር ማዶ ካለ ኮምፒዩተር ጋር ሳይገናኝ የማይሠራ ኖሯል! ስለዚህ አሁን ጨዋታ ስመርጥ ኔትወርኩን አጥፍቼ እሞክረዋለሁ። ይህም ሌላ ጥቅም አለው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በጨዋታው መካከል ብቅ እያለ «ይህን ግዛ፥ ያን ንካ» የሚለው ማስታወቂያ አብዛኛው አብሮ ይጠፋል። ሕፃን ማስታወቂያውን ከጨዋታው ለይቶ አያውቅምና።

ሦስተኛው ነገር ቋንቋ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የእኅቴ ልጅ በቤቱ አዊኛ ይናገራል፤ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አዊኛ የትምህርት ቋንቋ ነው። አማርኛውን ከከተማው ለምዶታል። ታብሌቱ ግን የሚያናግረው በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንድ ወላጆች «ይሻላል፥ እንግሊዝኛ ይማርበታል» ይላሉ። እውነትም በአገራችን የታወቀ ምስክር አለ። በ2004 ዓ.ም. «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፥ ወንጪና ወለንጪቲ አጠገብ፥ በፀሐይ ኀይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በሳጥን እንደ ታሸጉ ያለ አስተማሪ ለልጆች ሰጠ። የድርጅቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደ ተናገሩት፥ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወርም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ እለምናችኋለሁ። እነዚያ ልጆች ፊደል የዘመሩት በታብሌቱ ውስጥ የፊደል መዝሙር አስቀድሞ ስለ ተጫነላቸው ነው። የተኩስ ጨዋታ ብቻ ተጭኖላቸው ቢሆን ኖሮ በዚያው ፍጥነት ተኩስ በተማሩ ነበር።

ስለዚህ ለሕፃን ብዙ ጽሑፍ የማያስነብብ፥ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ የሚናገር ጨዋታ ይሻላል። ለምሳሌ «ታክስ ፔይንት» የሚባል የሥዕል ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፥ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፥ በአማርኛም ተተርጕሟል። አሸናፊና ተሸናፊ የለበትም፤ ልጁ ብሩሽና ማኅተም ይዞ የፈለገውን ይሥላል። የእኅቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሣለው ፈረስ አምስት እግር ነበረው፤ አምስተኛው ጅራት መሆኑን በኋላ አስረድቶናል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሩሲያዊው አሌክሴይ ፓዥትኖቭ በ1976 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የፈጠረውን «ቴትሪስ» ያመሰግናል። ቃልም ደምም የለበት፥ የሚወርዱ ቅርጾችን ማገጣጠም ብቻ ነው። እኔም እወደዋለሁ፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ይፈጥንበታል።

የአገራችን ልጆች የሠሩትም አለ። «ቅኔ ጌምስ» የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ፥ ቀጥሎም ገበጣን በስልክ ላይ አውጥቷል። ገበጣን አትናቁት። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ስንት ዐይነት የገበጣ አጨዋወት እንዳለ ቢዘረዝሩ ብዛቱ ያስደንቃል። ጠጠር የሚዘራ ልጅ ሳያውቀው ይቈጥራል፥ ይደምራል፥ የባላጋራውን አሳብ ይገምታል።

ስለ ሰዓቱ በአጭሩ ልናገር። የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን እንዳይሰጥ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፥ ቢያንስም እንደሚሻል መክሯል። ከጨዋታ መላቀቅ አለመቻልንም ከበሽታ ቈጥሮታል። ሰዓቱን መጠበቅ ግን በአዲስ አበባ የተቀመጠ አጎት ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ስጦታውን ስትልኩ ለእናቲቱ አስቀድማችሁ ንገሯት፥ ፈቃዷንም ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም ነበር።

ባለፈው ዓመት ዳንግላ በሄድሁ ጊዜ ገበጣውን ጭኜለት ነበር። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው ከልጁ ትከሻ በላይ ጥቂት ተመለከቱና «ይህማ የኛው ነው፤ ግን አጨዋወቱ ልክ አይደለም» አሉ። በማግስቱ ከጓሮ መሬቱን ጭረው ጉድጓዶቹን አወጡ፤ ጠጠሩን ልጁ ለቀመ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ታብሌቱ ቻርጅ ጨረሰ፤ ጠያቂ አልነበረም። ሰሞኑን ስደውል ልጁ ስልኩን ከእናቱ እጅ ነጥቆ፥ «አጎቴ፥ እማማ ሦስት ጊዜ አሸነፉኝ፤ ግን ሰርቀው ነው!» አለኝ። እናቴም ከኋላ ሆነው ሲስቁ ይሰማ ነበር።