የአዝመራ ገንዘብና የዓመቱ ነፈቃ



በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ በሲናናም ሆነ በአጋርፋ፣ ለስንዴ ገበሬ ገንዘብ እንደ ደመወዝተኛ በየወሩ አይመጣለትም። የባሌ ደጋ በበልግም በመኸርም ያመርታልና ኮምባይነሩ ማሳ በገባ ሰሞን እጅ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ወራቱ ጭር ይላሉ። የልጆች ሆድ ግን አዝመራ አይጠብቅም።

የኢኮኖሚ ምሁራንም በዚህ ላይ ብዙ ተመራምረዋል። አሜሪካዊው ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ገቢን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ሰው ለረጅም ጊዜ አገኛለሁ ብሎ የሚተማመንበት ነው፤ ሌላው ዝናቡ ስላማረ ወይም ዋጋው ስለተወደደ የመጣ የዘንድሮ ሲሳይ ነው። ቤተሰብ ኑሮውን የሚመትረው በመጀመሪያው ሲሆን ሁለተኛውን በአብዛኛው ያስቀምጠዋል ይላል። ክርስቲና ፓክሰን የተባለች ተመራማሪም እ.ኤ.አ በ1992 የታይላንድ ሩዝ ገበሬዎች በመልካም ዝናብ ካገኙት ትርፍ ብዙውን እንደሚቆጥቡ አሳይታለች።

ይህ ስሌት ግን ለእኛ የማይመች ነገር አለው። ገቢ ሲያጥር ቤተሰቡ ተበድሮ ይሻገራል ብሎ ያስባል። ሙስሊም ቤተሰብ የወለድ ብድር ሐራም ነው። ቀርዱል ሐሰን የሚሰጠው ዘመድ ካላገኘ መሻገሪያው ጎተራው ብቻ ነው። በጥር ሠርግ ላይ የተበተነው ስንዴ በግንቦት የሪባ በር ያስከፍታል፤ አስፈሪው እዚህ ላይ ነው።

ነብዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የታጨደው ከጥቂቱ በቀር ከነዛላው እንዲቀመጥ መምከራቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ማስቀመጥ ተወኩልን አያጎድልም፣ ስስትም አይደለም። ኒሷብ የሞላ በዝናብ የበቀለ እህል አንድ አሥረኛው አስቀድሞ ለዘካ ይወጣል።

የቀረውን ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ይቁጠሩት፤ እስከሚቀጥለው አጨዳ ስንት ወር አለ? ለወሩ ስንት ኩንታል? የዘሩስ? ረመዳንንም አትርሱ። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣልና ከአዝመራው ጋር አይሄድም። በ2008 ዓ.ም በግንቦት መጨረሻ ገብቶ ነበር፤ በ2022 ዓ.ም ኢንሻአላህ በታኅሣሥ ይገባል። የኢዱ ልብስ አንዳንዴ ጎተራ ሞልቶ፣ አንዳንዴም ጎተራው ተጠርጎ ሳለ ይጠየቃል።

ወአላሁ አዕለም።