ያስተማርኩትን አገር ለማየት
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ «በጡረታዎ የመጀመሪያ ዓመት በብስክሌት ሲዞሩ ያዩትን ያጫውቱን» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ ነገሩ ተራ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ለእናንተ የማቀርበው አንድ ጉዳይ እንዳለኝ ተረዳሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ እስከዚያው ታገሡኝ።

እንደምታውቁት ሥራዬ መምህርነት ነበር። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ 34 ዓመት አስተምሬ፣ ዕድሜዬ 60 ስለ ሞላ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ክረምት ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ስቆጥር ነው ያሳለፍኩት። መስከረም ጠብቶ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ እግሬ ራሱ ይነሣል፤ የሚፈልገኝ ግን የለም። ሆድ ይብሰኝና ቤት ገብቼ በሰበብ አስባቡ እጨቃጨቃለሁ። ባለቤቴም ቢመራት «ኧረ አንቱ ሰው፣ እስቲ ወጣ በሉልኝ!» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የጎረቤት ልጅ፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብተሩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ግሽ ዓባይን አይተውታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ያን ቦታ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥለው ኖሬአለሁ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። በዓይኔ ግን አላየሁትም። «አላየሁም» ማለት አሳፈረኝና «ሩቅ ነው» አልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ አሮጌውን ብስክሌቴን ከጓዳ አወጣሁት። ካላማዳሪው ተበልቷል፤ ካቴናው ዝጓል። ቢቸና ወስጄ አሠራሁት። ይህን ጊዜ ባለቤቴ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብላ ተረተችብኝ። የሰፈሩም ሰው «ሽማግሌ በሳይክል!» እያለ ሳቀ። እኔም «አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ አይደለም» አልኳቸው። ዕድሜያቸው 60 እንዳልነበረ ግን አልነገርኳቸውም።

አንድ ወር ያህል ቢቸና ደርሶ መልስ እያልኩ ጉልበቴን ፈተንኩ። ደንቤም ይህ ነበር፤ ሜዳውን በብስክሌት፣ ረጅሙን ዳገት ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ደጀን አደረግሁ። ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ቁልቁለቱ ከ1 ሺ ሜትር በላይ ነው። ትንሽ እንደ ወረድኩ ፍሬኑ ጋለና መሽተት ጀመረ። ወርጄ እየገፋሁ ሄድኩ። ለራሳችሁ ስትሉ ይህን ልብ በሉ፤ በዓባይ በረሃ በብስክሌት ተቀምጦ መውረድ ጀግንነት አይደለም። ታች ስደርስ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። አሮጌው ድልድይና በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። እኔ በሰሌዳዬ ላይ በአንድ የጠመኔ መስመር የማልፈው ነገር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛውን ጉዞ ጀመርኩ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ በአማኑኤል፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጌ ማንኩሳ ደረስኩ። የዲማ ሰው ማንኩሳን እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? እዚሁ ዲማ የተማሩት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ነው ወደኛ የመጣው። ሻይ ቤት ገብቼ ከዲማ መምጣቴን ብናገር ባለቤቲቱ «ሰብለ ወንጌል እንዴት ነች? ደኅና ነች?» አለችኝ። «ትጠይቃችኋለች» አልኳት። ሁላችንም ሳቅን።

ከቡሬ ቀጥሎ ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ያለው መንገድ ከኔ ይልቅ ብስክሌቱን የሚያደክም ነበር። አብዛኛውን ገፋሁት። ግሽ ስደርስ «እህል የቀመሰ ከምንጩ አይቀርብም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቁርሴን በልቻለሁ። አድሬ በማግሥቱ በጾም ሄድኩ። በሣሩ መካከል ያለ ትንሽ ምንጭ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከዚህ ይጀምራል ቢሏችሁ አታምኑም። ፓኤዝ የሚባለው ስፓኛዊ ቄስ በ1610፣ ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1763 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው መጥተው ይህን ቦታ አይተዋል። እኔ ጎጃም ተወልጄ፣ እያስተማርኩት፣ ለማየት 60 ዓመት ፈጀብኝ። እዚያው ቆሜ አፈርኩ።

ከዚያ የዘንገናን ሐይቅ አይቼ በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ገባሁ። ባሕር ዳር ብስክሌት የሁሉም ነው፤ የሳቀብኝ ሰው አልነበረም። ስመለስ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ 4ኛ ክፍል ገባሁና ያን ልጅ «በፊት አላየሁትም ነበር፤ አሁን አይቼዋለሁ» አልኩት። ከዚያም አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳቸው። በ34 ዓመት ውስጥ ልጆች እንደዚያን ቀን ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ያ ዓመት 2011 ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደዚያን ጊዜ አይደለም። «ለከርሞ አየዋለሁ» እያልኩ ብቆይ ኖሮ እስከ ዛሬ አላየውም ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ግን የልጆቹ ነገር ነው። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ብዙ ልጆችም ከደብተርና ከእርሳስ ርቀዋል። ግሽን የጠየቀኝ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ታናናሾቹ ግን የሚጠይቁት መምህር ያጡ ብዙዎች ናቸው።

በመካከላችን ጡረታ የወጣ መምህር አለ፤ ነርስ አለ፤ አገር ያዳረሰ ሾፌር አለ፤ አናጢ አለ፤ ቅኔ የቆጠሩ አባቶች አሉ፤ ጥጥ ፈትለው ልጅ ያሳደጉ እናቶች አሉ። እያንዳንዳችን በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሰፈሩ ልጆች ብንሰጥ ማንንም አያደኸይም። እኔ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት በ3 ሰዓት በቤቴ በረንዳ ላይ እጀምራለሁ። ሰሌዳ አለኝ፤ ጠመኔ ያለው ያምጣ። ልጆች ብቻ ሳይሆኑ «እኔም የማውቀው አለ» የሚል አዋቂ ሁሉ ይምጣ። ስሙንም ኮሚቴው ዘንድ ያስመዝግብ።

ጡረታ የወጣነው ከመሥሪያ ቤታችን ነው እንጂ ከሰፈራችን ልጆች አይደለም። ባለቤቴም እንደ ልማዷ «ወጣ በሉልኝ» ትላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለልጆቹ ቆሎ እቆላለሁ ብላ ቃል ገብታለች።