ደለል ውስጥ የሚተኛው መርዝ

(የመግቢያ ሙዚቃ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ወሬያችን በዓይን ስለማይታይ የወንዝ ብክለት ነው፤ እነ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ስለሚባሉ ከባድ ብረቶች።

እዚህ ካፋ፣ ማንኪራ ላይ ሆኖ ለሚሰማ ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ወንዞቻችንም ከደን ነው የሚነሱት። ግን የአቃቂ ወንዞችም ከአዲስ አበባ በላይ ካሉት ተራሮች ሲነሱ የጠሩ ናቸው። ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ እስኪደርሱ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ የጋራዥ ዘይትና ሌላም ፍሳሽ ይጨመርባቸዋል። በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመራማሪዎች አትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረት ደጋግመው አግኝተዋል።

ብረት አይበሰብስም። ከደቃቅ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ደለል ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ውኃው ጠርቶ ቢታይም ደለሉ ካልተመረመረ ምርመራው ጎዶሎ ነው። ጎርፍ ሲያናውጠው ወይም ውኃው ሲኮመጥጥ ብረቱ ተመልሶ ይለቀቃል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ደግሞ ኮምጣጣ ነው፤ የውኃውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። ሳይጣራ ወንዝ መግባት የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ውኃ ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስን አያስወጣም።

እባካችሁ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና አሮጌ የመኪና ባትሪ ወንዝ ዳር አትጣሉ። የመኪና ባትሪ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው።