ተማሪዎች ስለሚሠሩት መኪና መሪ



ፈረስ ምንም ብርቱ ቢሆን ልጓሙ ካልጠና ጌታውን ገደል ይከተዋል እንጂ ካሰበበት አያደርሰውም። የመኪና ልጓም መሪው ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም በፋብሪካ ስለሚሠራው መሪ ሳይሆን፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ለሚሠሩት አነስተኛ የእሽቅድምድም መኪና ስለሚነድፉት መሪ ነው።

ፎርሙላ ኤስ.ኤ.ኢ. የተባለው የተማሪዎች ውድድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር ተጀመረ። ተማሪዎቹ መኪናውን ራሳቸው ነድፈው ራሳቸው ይሠሩታል፤ የሚነዳውም ከመካከላቸው አንዱ ነው። ሞተር ድምፅ አለውና የወጣትን ልብ ይስባል፤ መሪ ግን ዝምተኛ ስለ ሆነ የሚታሰበው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ነዳፊው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

አንደኛው የመንኰራኵሮቹ አዟዟር ነው። መኪና ሲታጠፍ የውስጡ መንኰራኵር በጠባብ ክብ፥ የውጩ በሰፊ ክብ ይሄዳልና ሁለቱ እኩል ቢዞሩ አንደኛው ጎማ እየተፋተገ ይጎተታል። በፊትና በኋላ ዘንጎቹ መካከል 1.6 ሜትር፥ በግራና በቀኝ መንኰራኵሮቹ መዞሪያ መካከል ደግሞ 1.2 ሜትር ርቀት ያለው መኪና ከኋላ ዘንጉ መካከል 4 ሜትር በራቀ ነጥብ ዙሪያ ቢዞር፥ የውስጡ መንኰራኵር 25 ዲግሪ ያህል፥ የውጩ 19 ዲግሪ ያህል መዞር ያስፈልገዋል። ይህን ብልሃት የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር በ1817 ዓ.ም. አወጣው፤ በ1818 ዓ.ም. ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን በእንግሊዝ አገር ስላስመዘገበው ግን እስከ ዛሬ በወኪሉ ስም ይጠራል። ብልሃቱም መንኰራኵሮቹን የሚያዞሩትን ክንዶች ወደ ውስጥ አዘንብሎ፥ መስመራቸው ቢረዝም በኋላ ዘንጉ መካከል አጠገብ እንዲገናኝ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የአገናኝ ዘንጎቹ ቦታ ነው። መንኰራኵር ጉብታ ላይ ሲወጣ ከፍ ይላል። የመሪው አገናኝ ዘንግ ርዝመትና ቦታ መንኰራኵሩን ከሻንሲው ጋር ከሚያያዙት ክንዶች ጋር ካልተስማማ፥ ነጂው መሪውን ሳይነካው መንኰራኵሩ በራሱ ይዞራል። ይህ ጉድለት የሚታረመው በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ብረቱ ከተበየደ በኋላ ግን ማረሙ አድካሚ ነው።

ሦስተኛው ልቅነት ነው። በየአንጓው ያለው ጥቂት ክፍተት እየተጠራቀመ በነጂው እጅ ላይ ብዙ ይሆናል። የውድድሩ ደንብ በመሪው ላይ የሚለካው ልቅነት በጠቅላላው ከ7 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከመሪው እስከ ጥርሳሙ ዘንግ ያለውም መጋጠሚያ ሁሉ ለመርማሪ ዓይን ግልጥ እንዲሆንና በማጣበቂያ ብቻ እንዳይያዝ ይከለክላል።

ወጣት ነዳፊ ሆይ፥ ሒሳቡ ቢሰምርልህም ሥራህ አልተፈጸመም። መኪናው ከመውጣቱ በፊት የፊቱን ከፍ አድርገህ ደግፈው፤ ጓደኛህ መሪውን አጥብቆ ይያዝልህ፤ አንተም መንኰራኵሩን በሁለት እጅህ ወዝውዘው። የሚንገጫገጭ ነገር ካገኘህ ብሎኑን ሳታጠብቅ፥ ያለቀውንም አንጓ ሳትለውጥ አታሳልፈው። ነገ በመቀመጫው ላይ የሚቀመጠው ወንድምህ ስሌትህን አያነበውም፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ሕይወቱን የሚያምነው በእጅህ ሥራ ነው።