መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገናው

(በወሩ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ የተማርኩትም እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ግን ኬሞ የሚወስዱ እናት አስታምሜያለሁ። ባለፈው አንዷ እህታችን «እኔ ያለሁበት ቤትም በሽተኛ አለች፣ ምን ላድርግ?» ስላለች እንድናገር ተጠየቅኩ።

የምሠራው ክሬተር ነው። የማዳሜን እናት ማማ ነው የምላቸው። ማማ ከ7 ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ይዟቸው ካይሮ ሄደው እባጩ ወጣላቸው፤ ጡታቸው ሳይቆረጥ በጨረር ታከሙና ዳኑ። አምና በዚያው ጡት ቆዳ ላይ እንደ በለዘ ነገር ታየ። ሐምራዊ ነው፣ አያምም። ቤተሰቡ «የሆነ ነገር መትቷቸው ነው» አለ። የማጥባቸው እኔ ነኝ። የበለዘ ቦታ በሁለት በሦስት ሳምንት ይጠፋል፣ ይሄ ግን እየሰፋ ሄደ። ለማዳሜ ነገርኳት።

ከቆዳው ትንሽ ተወስዶ ሲመረመር አንጂዮሳርኮማ ሆነ። የድሮው ካንሰር ተመልሶ አይደለም፤ ከደም ሥር የሚነሳ ሌላ ካንሰር ነው። ጨረር ባረፈበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ይወጣል። ጡታቸው በጨረር ከታከመ 1000 ሴቶች አንዷን ወይ ሁለቷን ቢይዝ ነው። ስለዚህ ጨረር የታዘዘላት ሴት ይሄን ሰምታ እንዳትቀር፤ ጨረሩ የሚያድናቸው በጣም ይበልጣሉ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ሲል የማዳሜ ወንድም ተቆጣ። «ለምን ቶሎ አይወጣም? ተስፋ ስለሌለ ነው የሚያጓትቱት» አለ። አልነበረም። ይሄ በሽታ ዓይን ከሚያየው አልፎ በቆዳው ውስጥ ይሄዳል። መድኃኒቱ ካሳነሰው ሐኪሙ ንጹሕ ቆዳ ድረስ ቆርጦ ለማውጣት ይቀለዋል። መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነም በዓይን ይታያል። በሽታው ብዙ ስለማያጋጥም ሐኪሞች ሁሉ አንድ መንገድ የላቸውም፤ ቀዶ ጥገናው የሚቀድምላትም አለች።

ማማ ሼክ ዑስማን፣ ሰዳቃ ሆስፒታል ግቢ ባለው የካንሰር ማዕከል ፓክሊታክሴል የሚባለውን ወሰዱ። በሳምንት አንዴ በደም ሥር፣ 3 ሳምንት ወስደው አንድ ሳምንት ያርፋሉ። ፀጉራቸው ረገፈ። ጣታቸው ደነዘዘና የሻይ ብርጭቆ ከእጃቸው ይወድቅ ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ትኩስ ነገር እኔው ነበርኩ የማጠጣቸው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት መድኃኒቱ በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል። በባዶ እጅ አትንኩ። ጓንት አድርጉ፣ የነካውን አንሶላ ለብቻ እጠቡ፣ ሽንት ቤቱን ከድናችሁ ሁለቴ ውኃ ልቀቁበት፤ ውኃ በጠፋ ቀን በባልዲ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ጭራሽ አትንካ። ጓንት መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እኔ «ማዳም ጓንት ግዢልኝ» አልኳት፣ ገዛች። አብሮ መብላት፣ አቅፎ ማንሳት ግን ምንም አያደርግም። በሽተኛዋን እንደ ተላላፊ የምታርቁ ተዉ።

ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ነው፣ ኬሞ በሽታ የሚከላከለውን የደም ኃይል ያወርዳል። በበጋ መብራት ሲጠፋ ዓደን ውስጥ የማይግል ሰው የለም፤ እጃችሁን ግንባር ላይ አድርጋችሁ አታውቁትም፣ መለኪያ ይኑር።

ከ3 ወር በኋላ ሐምራዊው ደበዘዘ፣ ጠበበ። ጥቂት ሳምንት አርፈው ካይሮ ጡቱና ጨረር ያገኘው ቆዳ አንድ ላይ ወጣ፣ ከጀርባቸው ቆዳ ተወስዶ ተተካ። ጨረር ያገኘ ቆዳ ቶሎ አይድንም፣ ቁስሉ ብዙ ለፋ። አሁን ቁጭ ብለው ያዙኛል፣ በየ3 ወሩ ይታያሉ።

ከእኛም መሃል አገር ቤት ጨረር የወሰደች ልትኖር ትችላለች። ለብዙ ዓመት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ እዚያ ቀርቶ ይሆናል። በታከመው ጡት ላይ የማይጠፋ ብላዝ ካያችሁ ለሐኪሙ «ዒላጅ ኢሽዓዒ» በሉት፣ የጨረር ሕክምና ማለት ነው። ስንት ዓመት እንደሆነም ጨምሩ። ካልነገራችሁት እሱም የመታችሁ ነገር ሊመስለው ይችላል። ዐረብኛው ያስቸገራት ትንገረኝ፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍቴ ነው፣ አብሬያት እሄዳለሁ።