«አልሸጥም» ማለትም ዋጋ አለው
በረሆቮት ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አክሲዮን ነው። «እኛ ምን አክሲዮን አለንና?» እንዳትሉ። በእስራኤል ከ2008 ጀምሮ ለሠራተኛ ፔንሲያ መቆጠብ ግዴታ ነው። ከእናት አባቶቻችን ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ ከፊሉ አክሲዮን ይገዛበታል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ፔሪጎ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ በ2005 አጊስ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ ገዛ። በይሩሃም ፋብሪካ ነበረው፤ አክሲዮኑም በቴል አቪቭ ገበያ ይሸጥ ነበር። በ2015 ማይላን የተባለ ሌላ የመድኃኒት ኩባንያ ሊጠቀልለው ፈለገ። ቦርዱ እምቢ ሲለው በሴፕቴምበር በቀጥታ ወደ ባለአክሲዮኖቹ ሄደ። ለአንድ አክሲዮን 75 ዶላር በጥሬው፣ በዚያ ላይ 2.3 የማይላን አክሲዮን እሰጣለሁ አለ። ከግማሽ በላይ ካልተሰበሰበ ግን ግዢው ይፈርሳል።

የፔሪጎ ኃላፊዎች «ዋጋው ያንሳል» ብለው ተከራከሩ። ኖቬምበር 13 ቀነ ገደቡ ሲያልቅ የተሰበሰበው 40 ከመቶ ያህል ብቻ ሆነ። ግዢው ከሸፈ። ልሽጥ ያለውም፣ አልሸጥም ያለውም አክሲዮኑን እንደያዘ ቀረ።

ከዚያስ? ዋጋው በዚያው ቀን ወረደ። በኤፕሪል 2016 ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄዱ። ከ150 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 በታች ገባ። የማይላን አክሲዮንም በዚያው ዓመት ስለወረደ፣ ቢሸጡ ኖሮ ሁሉም ይከብር ነበር ማለቴ አይደለም። ግን «አልሸጥም» ማለትም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው፤ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከሚሰጠኝ ውስጥ ጥሬ ገንዘቡ ስንት ነው? «ሽጥ» ወይም «አትሽጥ» የሚለኝ ሰው የራሱ ጥቅም ምንድን ነው? ግዢው ቢፈርስ በእጄ የሚቀረው ስንት ያወጣል?

በፔንሲያ ግን እነዚህን የሚጠይቅልን ሌላ ሰው ነው። በእቁብ ገንዘባችን ማን እጅ እንዳለ እናውቃለን፤ ዳኛውን እንጠይቃለን። ፔንሲያውንስ? ዓመታዊው ሪፖርት በዕብራይስጥ ይመጣል፤ በየቤቱ ፖስታው ሳይከፈት ይቀመጣል። ወጣቶች፣ ዕብራይስጡን እናንተ ታነባላችሁ። በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉና ክፈቱት፤ ስንት እንደተጠራቀመ፣ ስንት ለአስተዳደር እንደተቆረጠ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ አስረዷቸው። ወላጆችም «ልጅ ምን ያውቃል» አትበሉ፤ የላባችሁ ዋጋ ነውና ጠይቁ።