የሰባት ቤት አገው በዓል ምን ያስተምረናል?



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ በዓል ነው። ቦታው ሩቅ አይደለም። ከመሸንቲ የአዲስ አበባን መንገድ ይዘን፣ በመራዊና በዳንግላ አልፈን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ እንጅባራ እንደርሳለን። እዚያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ፈረሶቹ በግላስ አጊጠው ይወጣሉ፤ ግልቢያና ጉግስ ይደረጋል።

«ሰባት ቤት» ማለት ምን ማለት ነው? ሽማግሌዎች እንደሚሉት አገሩን ያቀኑት ከላስታ በኩል የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ናቸው። ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ አዘና፣ መተከል የሚባሉት ስሞች ከእነሱ የቀሩ ናቸው ይባላል። እዚያ ያለ ልጅ የአገሩን ስም ሲጠራ የአያቱን ስም ጠራ ማለት ነው።

ታዲያ ፈረሱ ለምን ይከበራል? በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ፣ ኋላም በ1928 ዓ.ም. ጠላት ዳግመኛ በመጣ ጊዜ፣ ፈረስ ከሰው ጋር ዘምቷል። የጥንት ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ የነበረውም በከንቱ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጠላት ገና ከአገር አልወጣም ነበር። የጀመሩት 32 ሰዎች ናቸው ይባላል። ዛሬ አባላቱ በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠራሉ።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ሰባት ቤት አገው ግን በቃል ያለውን እንዳይረሳ በየዓመቱ ቀን ቆርጦ ይሰበሰባል። ዛሬ መኪናና ባጃጅ የፈረስን ሥራ ወስደዋል። ፈረስ መቀለብም ቀላል ወጪ አይደለም። ገበሬው ፈረሱን የሚያቆየው ለበዓሉ ብሎ ጭምር ነው። በዓሉ ቢቀር ፈረሱም ወሬውም አብረው ይቀራሉ።

መሸንቲስ? ይህን ስም ማን አወጣው? የመጀመሪያውን ጎጆ ማን ቀለሰ? ገበያው በፊት የት ይቆም ነበር? ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። ለከተማችሁ መሥራቾች ቀን እናቁም ብትሉ እንኳ፣ አስቀድሞ ማንን እንደምታስቡ ማወቅ አለባችሁ።

እንግዲህ ፊደል ለይታችኋል። ሥራውን ለሌላ ሰው አትተዉት። ደብተር ይዛችሁ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ዘንድ ሂዱ። የነገሯችሁን እንዳለ ጻፉ። የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ከሥሩ አስፍሩ። አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ቢላችሁ ሁለቱንም ጻፉ እንጂ አንዱን አትጣሉ። ሴቶችንም ጠይቁ፤ የውኃ መውረጃውንና የቡና ማኅበሩን ወሬ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በሚቀጥለው ስንገናኝ የጻፋችሁትን ታነቡልናላችሁ፤ እኛም እንሰማለን።